ሽማግሌዎቹ ዱራሜ ሳይደርሱ

ውድ ሕዝቅኤል፣

እስክሪብቶውን የያዘችው ብርቄ ናት፤ ከቤቴ ከፍ ብሎ፣ እዚሁ ፈረንሳይ ሰፈር መንገድ ዳር ሱቅ ያላት። ስኳር ስትገዛ ደረሰኝ ጠይቀሃት ፊቷን ያጠቆረችብህ እሷው ናት። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ አላፍርበትም። በእኛ ዘመን ሾፌርን መሪ ያዝ እንጂ ብዕር ያዝ ያለው የለም። ሱቋ ውስጥ ተቀምጬ፣ የምናገረውን እንዳለ ጻፊ ብያታለሁ። «ስድብም ካለ?» አለችኝ። ስድብም ካለ።

የልጅ ልጄ ማዕዶት ቤት ውስጥ እያለች ለምን የጎረቤት እጅ ተዋሰ ትል ይሆናል። ነገሩ የእሷ ስለሆነ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ጆሮህ ደክሟል። ባለፈው «እንዴት ከረምክ?» ስልህ «አዎ፣ በደንብ ዘንቧል» አልከኝ። እኔ ስጮህ መንደሩ ይሰማል፣ አንተ ግን አትሰማም። ስለዚህ ይኸው ወረቀት። የዱራሜን አውቶቡስ የሚነዳው ጀይላን በእጅህ ያደርስልሃል።

ሳላዞር ልንገርህ። ሽማግሌዎች ሊመጡብህ ነው። የላካቸው ጎረቤቴ ጸሐዬ ነው፤ የቧንቧ ፋብሪካ ያለው፣ የዕድራችን ሰብሳቢ። የፋብሪካውን የግብር ሪፖርት እንድትመረምር የተመደበችው ማዕዶት ናት። ጎረቤቴ ነው ብላ ገና በመጀመሪያው ቀን ለአለቃዋ አስታውቃ ነበር፤ «ሥሪ፣ ሌላ ሰው ከላይ ያየዋል» አሏት። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እኔ ቤት መጥተው «ልጅቷን ያዝልን» አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። አሁን «ሥራውን ያስተማራት ሰው ጡረታ ወጥቶ ዱራሜ አለ፣ የእሱን ቃል አትጥልም» ብለው ሊነሱ ነው። እውነታቸውን ነው፤ አትጥልም። የምፈራውም ይህንኑ ነው። አንተ ደውለህ «እስቲ ቀስ በይ» ብትላት፣ ለደግነት ብለህ ብቻ ብትላት፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። በአንዱ ፋይል ላይ የተንቀጠቀጠ እጅ ደግሞ በሚቀጥለው ላይ ለጉቦ ይዘረጋል። ስንቱን አይተናል አብረን።

አትደውልላት። የጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

ብርቄ «አለቀ?» ብላ እስክሪብቶውን ልትከድን ነበር። ምን አለቀ! ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ወረቀት ግማሹ ባዶ ሆኖ ይሂድ እንዴ? ደግሞ ስምህን ካነሳሁ ወዲህ የድሮው ሁሉ እየመጣብኝ ነው።

ግብር መሥሪያ ቤት አብረን እያለን «አቶ ሕዝቅኤል፣ እርስዎ» ነበር የምልህ። በዕድሜ ብበልጥህም አለቃዬ ነበርክ። አንተም «ጋሽ አምባዬ፣ እርስዎ» ትለኛለህ። ሁለት እርስዎ በአንድ ጋቢና ውስጥ! ጡረታ የወጣሁ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ካላሉኝ ቤትዎ አልመጣም» አልከኝ። እኔ አንተ አልኩህ፤ አንተ ግን እርስዎ እንዳልከኝ ቀረህ። እሱም ተገቢ ነው።

ያቺ የምነዳልህ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ትናፍቀኛለች። ፍሬኗ ቀበና ቁልቁለት ላይ እንደ ፍየል ትጮህ ነበር። ከኋላ በሸራ የተሸፈነ የቦክስ ፋይል ክምር፣ ከፊት አንተ፣ ጉልበትህ ላይ የአንዱ ድርጅት ሪፖርት። ከንፈርህ እየተንቀሳቀሰ ታነባለህ፤ ጸሎት ይመስለኝ ነበር መጀመሪያ።

«ይሄኛው ከስሬአለሁ ይላል፣ ጋሽ አምባዬ።»

«ምስኪን!»

«ምስኪን ነው። በየዓመቱ ይከስራል፣ በየዓመቱ የጭነት መኪና ይገዛል።»

ሰዎች የምትሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ እኔ ነበርኩ የማስረዳቸው። ድርጅት ለመንግሥት «ይህን ያህል ሸጥኩ፣ ይህን ያህል አወጣሁ፣ ይህን ያህል ተረፈኝ» ብሎ የጻፈውን፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ማየት ነው እላቸዋለሁ። «ቀላል ነዋ!» ይሉኛል። ቀላል ነው፤ ሰው እንዲወድህ ካላማረህ።

ምሳችንን አትረሳም መቼም። «የሰው እንጀራ በልቼ የሰውን ሂሳብ ማየት አልችልም» ትል ነበር። የውሃ ጠርሙሳቸውን እንኳ አትነካም። ከእንጦጦ ሥር ያሉትን ፋብሪካዎች ስታይ በከረምክበት ዓመት የየራሳችንን ምሳ ይዘን ሽቅብ ወደ ባሕር ዛፉ እንወጣለን፤ በእግራችን፣ የመንግሥት ነዳጅ ለምሳ አይቃጠልም ስላልክ። አንተ ቆጮና አይብ፣ እኔ ባለቤቴ ሙሉጌጥ የቋጠረችልኝን። ረቡዕና ዓርብ እኔ ስጾም አንተ አይቡን ከድነህ ቆጮውን በሚጥሚጣ ብቻ ትበላለህ። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ረቡዕ ዓርብ የላትም፤ ማንም አላስገደደህም። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር አላወራንም። ወንዶች ነና።

ባለፈው ጥር ማዕዶት እንጦጦ ፓርክ ወሰደችኝ። ያ የምንቀመጥበት ቦታ የት እንደነበር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ድንጋይ ተነጥፎበት ይሁን፣ ብስክሌት የሚጋልቡበት ሆኖ ይሁን፣ እንጃ። አያምርም አልልህም፤ ያምራል። አየሩ ግን ያው ነው። ቅጠሉ ሲሸተኝ ቆጮ አማረኝና ለማዕዶት ብነግራት «እዚህ በርገር ነው ያለው አባባ» አለችኝ።

ያንን የጾም ነገርህንስ ታስታውሳለህ? «ጾም ነኝ» ማለት ከሰው ግብዣ የምታመልጥበት ዘዴህ ነበር። ሥጋ ሲያመጡ ጾም ነኝ፣ ኬክ ሲያመጡ ጾም ነኝ። የከተማው ነጋዴ ሁሉ ባሕታዊ ያደርግህ ጀመር። ከዚያ አንድ ዓመት፣ የፋሲካ ሰሞን፣ የአንዱ ድርጅት ሂሳብ ሹም ክትፎ አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንተ ሆዬ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ «ይቅርታ፣ ጾም ነኝ!»

ሰውየው ሹካውን እንደያዘ ቀረ። «አቶ ሕዝቅኤል፣ ፋሲካ እኮ ባለፈው እሑድ ነው የዋለው። ሃምሳው ቀን ሳያልቅ ማን ይጾማል?»

አንተ ወደ እኔ ዞርክ። ያን ጊዜ ፊትህን ብታየው! ይህን ሁሉ ዓመት ስትጾምልን ሃምሳውን ቀን የነገረህ የለም። እኔም «ስእለት አለበት» አልኩ። «ለማን?» አለ ሰውየው። «ለማን እንደተሳለ አይነገርም» ብዬ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ሰውየው አማተበ። በማግስቱ ስንሄድ ቢሮው ውስጥ የነበረውን ሻይ እንኳ አስነስተው ጠበቁን፣ ጾመኛው እንዳይፈተን ብለው። ወደ ቤት ስንመለስ ቀበና ድልድይ ላይ መኪናዋን አቁሜ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ብርቄም እየሳቀች ነው፣ ጽሑፉ የተንጋደደው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። የሳሙና ፋብሪካው። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቀን በር ላይ በፀሐይ አስቆመን፣ ዘበኛው «ጌታዬ ምሳ ላይ ናቸው» እያለ። እኔ ደሜ ፈላ። በዚያ ላይ በሩ አዲስ፣ ግንቡ አዲስ፣ ሰውየው ወፍራም። «ይሄ ሌባ ነው፣ አይምሩት» አልኩህ። አንተ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሰህ ስትመረምር ሰነበትክ፤ ማታ ማታ ስትወጣ ሳሙና ሳሙና ትሸታለህ። እኔ የሰውየውን ውድቀት እየጠበቅሁ ነበር፣ አልዋሽህም። መጨረሻ ላይ ምን ብለህ ጻፍክ? ሰውየው ከሚገባው በላይ ከፍሏል፣ ይመለስለት ብለህ ጻፍክ! ያ ሁሉ ኩራቱ ጠፍቶ አንድ ካርቶን ሳሙና ተሸክሞ ከመኪናችን ኋላ ሮጠ። «ይንዱ፣ ጋሽ አምባዬ፣ ይንዱ!» አልከኝ።

«ፀሐይ ላይ አስቁሞን?» አልኩህ።

«ፀሐይ ላይ ያስቆመን እሱ ነው» አልከኝ። «ሂሳቡ ምን አጠፋ?»

ይህን ነገር ስንት ጊዜ ለሰው እንዳወራሁት። የሚገባው ግን ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ የግብር መርማሪ ማለት ሰው የሚጥል ይመስለዋል።

አሁን ወደ ሽማግሌ ነገር ልመለስ። ቀበና ወንዙ ዳር ተከራይተህ የነበረ ጊዜ፣ ጉንፋን ይዞህ ልጠይቅህ መጥቼ፣ አንድ ነጋዴ የላካቸው ሽማግሌዎች ገቡ። አንድ ቄስ፣ ሌሎቹ የአገር ሽማግሌዎች። እንደ ወጉ «ካልሰማኸን አንቀመጥም» ብለው ግቢው ውስጥ ቆሙ። እኔ አለቀልህ አልኩ። ሽማግሌ ቆሞ እንዴት እምቢ ይባላል? አንተ ብርድ ልብስህን እንደተከናነብክ ወጣህና «እኔም ከአባቶቼ በፊት አልቀመጥም» ብለህ ፊታቸው ቆምክ። ባለቤትህ ወንበር ደረደረች፤ የተቀመጠ የለም። ካፊያ መጣ፤ ከጣሪያ ሥር ተጠጋን እንጂ የተቀመጠ የለም። እኔም ቆምኩ፣ ምን ላድርግ! አንተ ትስላለህ፣ እነሱ ጉልበታቸውን ያሻሉ። በመጨረሻ ቄሱ «ልጄ፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ አንተ አሸንፈሃል» ብለው ተቀመጡ። ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም ተቀመጠ፣ ተበላ ተጠጣ። ስትሸኛቸው «ሰውየው ያላመነበት ነገር ካለ ቅሬታውን ጽፎ ያቅርብ፤ የት እንደሚያቀርብ እኔ ራሴ አሳየዋለሁ» አልካቸው። መርቀውህ ሄዱ።

እኔስ? እኔ እንዳንተ አላማረልኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ኢዶሳ መጣ። ኢዶሳን ታውቀዋለህ፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲደርስህ «ያን ሁሉ ሀብታም መርምሮ ቤት በዕጣ?» ብሎ የሳቀብህ ጎረቤቴ። ማዕዶት ያኔ አዲስ ተቀጥራ ካንተ ጎን የተቀመጠች ጊዜ ነበር፤ «ይህቺም ዕጣ ትጠብቅ» ብሏታል። ኢዶሳ ማለት አብሬው ያረጀሁት ሰው ነው። ሁለት የዕድር ሰዎች አስከትሎ «ቤቶች!» አለ።

«ግባ፣ ምን በር ላይ ያስጮህሃል?» አልኩት።

ገቡና ቆሙ። ሲቆሙ ገባኝ።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ሳትሰማን አንቀመጥም፣ አምባዬ።»

ልነሳ ሞከርኩ። እንዳንተ ፊታቸው ልቆም ነበር ሐሳቤ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለ፤ ዱላዬ ደግሞ ከአልጋው ማዶ ነው። ስለዚህ ተቀምጬ ቀረሁ። «እንግዲያው ቶሎ በሉ» አልኩ፣ «ቀና ብዬ ሳያችሁ አንገቴን ያመኛል።»

«ቀልዱን ተው። ማዕዶት ልጃችን ናት፣ ደጃችን ላይ ነው ያደገችው። አጥፊ አላልናትም፣ ዋሺ አላልናትም። አንድ ቃል ብቻ። 'ቀስ በይ' በላት።»

«ከዚህ በላይ ቀስ? ከፋሲካ በፊት የገባችበት ፋይል ነው፤ ይኸው ክረምት ሊገባ ነው።»

አንደኛው ሳቀ። ኢዶሳ አልሳቀም። «ስንት ቤተሰብ የሚያድርበት ፋብሪካ ነው፤ ቢዘጋስ?» አለኝ።

«የሚያዘጋ ነገር ሠርቶ ከሆነ ይፍራ። ካልሠራ እናንተን ምን አስላከው?»

«አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ዳኛ የሆንከው?»

«አልሆንኩም። ስላልሆንኩ አይደል ልጅቷን ምንም የማልላት!»

ኢዶሳ አንድ እርምጃ ቀረበኝ። ከዚያ በሆዱ የያዘውን አወጣው። «ሙሉጌጥ ያረፈች ዕለት፣ ያንን ዝናብ ታስታውሳለህ? ድንኳኑን ማን አስተከለልህ? አስከሬኗን ከፊት በኩል ማን ተሸከመልህ?»

ጸሐዬ ነው። አንተም ነበርክ፣ አይተሃል። ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በካልሲው ነው ቤተ ክርስቲያን ድረስ የተሸከማት። ሰልስቱ እስኪወጣ ፋብሪካውን አልረገጠም። ይህንን የሚረሳ ሰው አይደለሁም፤ ኢዶሳም እንደማልረሳ ያውቃል፣ ለዚያ ነው ያነሳብኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ልንገርህ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «እሺ፣ እነግራታለሁ» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ! ሁሉም ይቀመጡ ነበር፤ ቤቱ ሞቅ ይል ነበር።

«ጸሐዬ የሙሉጌጥን ሬሳ ተሸክሞልኛል» አልኩ። «እኔም እሸከመዋለሁ። ቢታመም አስታምመዋለሁ፣ ቢታሰር ስንቅ ይዤ በር ላይ እውላለሁ፣ በራሴ ትከሻ። በልጅቷ ትከሻ ግን አላሸክመውም።»

«ሽማግሌ መለስክ፣ አምባዬ።»

«መለስኩ።»

እንደቆሙ ወጡ። እኔ ቤት ሰው እንደቆመ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ኢዶሳ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ዱራሜ እንሄዳለን እንግዲህ፣ እሱ ካንተ የተሻለ ሰው ነው» አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስንወጣ ሁልጊዜ እጄን ይዞ የሚያወርደኝ ኢዶሳ ከሩቅ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ አለፈ። ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩት። ወረድኩት፣ አትዘንልኝ።

ማዕዶት ምንም አታውቅም። ማታ ገብታ «አባባ፣ ጋሽ ጸሐዬ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም፣ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «የሰው ፊት መመርመርም ሥራሽ ውስጥ ገባ እንዴ?» አልኳት። ሳቀችና «የአቶ ሕዝቅኤል አነጋገር ነው እኮ» አለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተች። ዓይኔ ወደዚያው ይሄዳል፣ ሕዝቅኤል። የጸሐዬ ነገር፣ ንጹሕ ይሁን አይሁን፣ እዚያ ብርሃን ላይ ተጽፏል። ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ያ ባለ ሳሙናው እንደተገኘው ንጹሕ ሆኖ እንዲገኝ በየማታው እጸልያለሁ፤ እሷን ግን አልጠይቃትም። ብጠይቃት ነገ ኢዶሳ ፊቴ ላይ ያነበዋል፤ ፊቴ ምስጢር አያውቅም። ፊደል አለመቁጠሬ በጀኝ ያልኩት በዕድሜዬ ያን ማታ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሲደርሱብህ አታዋርዳቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለወዳጃቸው ነው የሚደክሙት፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ምናልባት አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። አሳድራቸው፣ ቆጮህን አብላቸው። ኢዶሳ ስኳር በሽታ አለበት፣ ሻዩን ያለ ስኳር ስጠው፤ ጨምርልኝ ይልሃል፣ አትስማው። ጸሐዬ ደግሞ ቅሬታ ቢኖረው የት እንደሚያቀርብ ንገራቸው። ማዕዶት ጋ ግን አትደውል። በሰውም አትላክባት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የፊታችን እሑድ ዕድሩ ይሰበሰባል። «ሽማግሌ የመለሰ» ተብሎ ስሜ ሊነሳ ነው፣ ሰምቻለሁ። እሄዳለሁ፤ ተደብቄ አልቀርም። ያሉትን ይበሉ። ግን ከዕድሩ ቢያስወጡኝ፣ የምሞትበት ቀን ማዕዶት ብቻዋን ናት። ለወንበሩም ለሳህኑም ብቻዋን ልትሮጥ ነው። ያን ቀን ደውልላት። ለዚያ ብቻ ደውልላት፣ ጆሮህ ባይሰማም ደውል፣ ድምፅህን ትስማ። ከዚያ የጀይላን አውቶቡስ ላይ ውጣና ና። አልቅስልኝ አልልህም፤ አጠገቧ ሁን።

ብርቄ እዚህ ጋ እስክሪብቶውን ወረወረችው። «እኔ እያለሁ ብቻዋን ናት ይላሉ? እኔ ምንድን ነኝ፣ የሱቅ በር ነኝ?» ብላ ጮኸችብኝ። ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ደንግጣ ተመለሰች። አንሺው አልኳት። «መጀመሪያ ይጻፉኝ» አለች። ይኸው ተጽፈሻል፦ ብርቄም ትኖራለች፣ ሳህኑ ከእሷ ነው። አንተ ግን ያም ሆኖ ና።

አሻራዬን ከታች አደርጋለሁ። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬ ይድረስ።

አምባዬ፣ ከፈረንሳይ ሰፈር

በይ ብርቄ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ፤ እኔ ያልኩትን ልስማ፣ አንቺ ያሳመርሽውን አይደለም።